በር፣ ወጥ ቤት፣ ጓዳ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ አጅማን

ወደዱት! ‹ኪሎ አለኝ›ን ወደዱት! ዋላሂ! ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ ጀመርኩ። ደህና ከረምሽ ደብተሬ፣ ከረመዳን ወዲህ አልነካሁሽም።

ሻርጃ ያለ አንድ የዕቃ መላኪያ ቢሮ ፕሮግራሜን በሦስቱም ቅርንጫፎቹ ሊሠራበት ፈልጓል። የኔን! የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏን፣ የመጥረጊያዋን የቢልቂስን! አገር ቤት የሚሄድ ሰው «አምስት ኪሎ ይተርፈኛል» ብሎ ይመዘግባል፣ ዕቃ የሚልክ ይመዘግባል፣ ፕሮግራሙ ያገናኛቸውና የትና በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ይነግራቸዋል። ድሮ ይሄን ሁሉ እኔው በስልክ ነበር የማደርገው። ማዳም በጣለችው ላፕቶፕ አራት ዓመት ተምሬ፣ ሰው ሲተኛ እየተነሳሁ ጻፍኩት።

አሁን ደግሞ መራራው። የቢሮው ኢንጂነር ሳሊም የሚባል ሱዳናዊ ነው። «ሥራው ጥሩ ነው፣ ውስጡ ግን ሙሽኪላ፣ ችግር ነው» አለኝ። ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቋል፣ ሺህ ስምንት መቶ መስመር። «እንዲህ ሆኖ ሌላ ሰው ሊነካው አይችልም። እስከ ሰኔ መጨረሻ በንብርብር ከፍለሽ አምጪ፣ ቪዛሽን እኛ እናወጣለን።»

ቪዛ! የጽዳት ድርጅቱ ሐምሌ ላይ አላድስልሽም ብሎኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «የቤት ሠራተኛ»፣ «ጽዳት» እያለ የኖረው ወረቀቴ ላይ ሌላ ነገር ይጻፍበታል ማለት ነው። ካልሆነ ግን እኔም «ኪሎ አለኝ» ብዬ ራሴን መዝግቤ አገሬ መግባት ነው።

እልል ልል ስል ከታችኛው አልጋ ሰኪና፣ «ቢልቄ፣ ኸላስ፣ በቃ! ፊሊፒኖዋ ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታለች» አለችኝ። ትራስ ውስጥ አፌን ከትቼ እልል አልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አውቶቡስ ላይ። ፋይሉን ከፈትኩት። ወደ ታች ሳወርድ ሳወርድ ከአጅማን ሻርጃ ገባሁ፣ አላለቀም። ይሠራል እኮ! የሚሠራ ነገር ምን ይነካካል?

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ሻርጃ፣ ኢልሃም ቤት። ኢልሃም የእህቴ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዱባይ ቢሮ ውስጥ በዚሁ ሙያ ትሠራለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ስትበላ እንኳ ድምጿ አይሰማም። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አየችው። ይቺ ልጅ ዝም ስትል ያስፈራል፣ እናቷም እንደዚሁ ናት።

«አክስቴ፣ ይሄ ኮንትሮለር፣ የሰውን ጥያቄ የሚቀበለው ክፍል፣ ሁሉን ነገር ብቻውን እየሠራ ነው።»

«ታዲያ ሰነፍ ቢሆን ይሻል ነበር?»

ሳቀች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀጥላ፣ «መጀመሪያ የገባሽበት ቤት ትዝ ይልሻል? ስትደውዪ የምትነግሪን? በር ትከፍቺ፣ ወጥ ትሠሪ፣ ልጅ ታጥቢ፣ ጓዳ ትቆልፊ የነበርሽበት። የታመምሽ ቀን ቤቱ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ተዘጋ። ጨው የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።»

«ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። በኋላ አል ባርሻ የገባሁበት፣ ሠራተኛው ሁሉ የየራሱ ድርሻ የነበረው ትልቁ ቤት ማለት ነው። በር ላይ የቆመው እንግዳ ይቀበላል፣ ምን ፈለግህ ይላል፣ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ወጥ አይቀምስም። ወጥ ቤቷ ትወስናለች፣ ትመዝናለች፣ ትቀምማለች። ጓዳ ጠባቂዋ የተሰጣትን ታስቀምጣለች፣ የተጠየቀችውን ታወጣለች፣ ለምን ብላ አትጠይቅም። በረኛ ዘሎ ጓዳ አይገባም። ኮንትሮለሩ በር ብቻ ይሁን ማለቷ ነው። ዋላሂ ገባኝ! በላፕቶፑ በተከታተልኩት ኮርስ ስድስት ወር ያልገባኝ በአንድ ወረቀት ገባኝ።

በሩና ጓዳው ለኔ፣ ወጥ ቤቱ ለሷ ደረሰ። ከታች አንድ ደንብ ጻፈች፦ «የሌላውን ክፍል ሳይነግሩ መንካት የለም። የራስን ክፍል ለውጦም ሳያሳዩ ማስገባት የለም።» አስፈረመችኝ። አክስቷን! ያዘልኳትን እኔን!

ዓርብ፣ ግንቦት 1

የሰዓቱ ነገር አጨቃጨቀን። የኛ ሰው «ማታ 3 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ነው የሚጽፈው፣ የአውሮፕላኑ ትኬት ደግሞ ያንኑ ሰዓት ማታ 9 ይለዋል። ስለዚህ እኔ ስድስት ሰዓት እጨምራለሁ። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ቦታ ነው የምጨምረው፦ ሲመዘገብ፣ ሲፈለግ፣ መልእክት ሲላክ። ኢልሃም፣ «አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ወጥ ቤት። በሩ የሰማውን እንደሰማ ያስተላልፍ» አለች።

«ከተረሳስ?»

«ኃላፊው አንድ ከሆነ አይረሳም፣ አክስቴ። ሦስት ሲሆን ነው የሚረሳው።»

እሺ አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሦስት ቤት አጸዳሁ። ጉልበቴ። ሙቀቱ ጀመረ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አራት መቶ መስመር ወደ ጓዳ አሻገርኩ። ግማሹ አይነሳም፣ ስሕተት በስሕተት፣ ቀይ በቀይ ነው። ያላ ቢልቂስ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ኢልሃም የሠራችውን ወጥ ቤት ሳይ ለአንዳንዱ ነገር የሰጠችው ስም አልጥም አለኝ። ቀየርኩት። መለሰችው። ደግሜ ቀየርኩት። ለጥቅሟ ነው፣ ስም የሚያምር ከሆነ ሥራም ያምራል።

ሻይ ላፈላ ስነሳ ለእናቷ በስልክ፣ «እማ፣ እኔ አንድ ሳነሳ እሷ ሁለት ትመልሳለች» ስትል ሰማኋት። ሰው አጋዥ ሲያገኝ እንዲህ ነው፣ ያማርራል። እኔ እኮ በሷ ዕድሜ አንድ የሚያግዘኝ ባገኝ እግሩን አጥብ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

የምሳ ሰዓት፣ በጥድፊያ። ሞከርኩት። ማታ 3 ብዬ ከተብኩ፣ በሩ ያንኑ ማታ 3 ወደ ውስጥ አሳለፈው። ምንም ሳይጨምር! ብያት ነበር፣ ይረሳል ብያት ነበር። የቆየችውን የስድስት ሰዓት መስመሬን በሩ ላይ መለስኳት። አንዲት መስመር ናት። በሩ ደግሞ የኔ ነው፣ ለዚች ብዬ ልጅቷን ከሥራዋ አላስነሳም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አዲሱን ከፈትነው! ሥራ ላይ ነው! ሰው አልደወለም፣ አልጮኸም። ኢልሃም የወጥ ቤቷ ቴስት፣ ፍተሻው ሁሉ፣ አረንጓዴ ነው፣ አልፏል ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ሺህ ስምንት መቶ የነበረው ኮንትሮለር አሁን መቶ ስልሳ መስመር ነው። ጓዳዬን ብታዪው፣ ሁሉም በየመደርደሪያው። ለሰኪና አሳየኋት። «እኔ እንጃ፣ ድሮም ዕቃዬ ይደርስ ነበር» አለችኝ። ምቀኛ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

አላህ ያውቃል እንዴት እንደምጽፈው።

ወለላ አል ባርሻ ሰው ቤት የምትሠራ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ልጇ ሰኔ መጨረሻ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለባት፣ ሰሌዳም ስክሪንም አይታያትም። ወለላ እዚህ መነጽር አሠራችላት። ታዬ ደግሞ እዚያው ሰፈር ሾፌር ነው፣ ትናንት ማታ በባሕር ዳር በኩል አገሩ ሊገባ ‹ኪሎ አለኝ› ላይ ተመዘገበ። ለዚያ አገር ሰው የሚገኘው በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

ታዬ ኤርፖርት በር ላይ ማታ 3 ሰዓት ብሎ ጻፈ። ወለላ ስልክ ላይ የመጣው ግን ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማዳሟን ለምና፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነጽሩን በደረቷ ይዛ ቆመች። ታዬ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ገብቷል። ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው፣ ሰማይ ላይ ነበር።

ጠዋት ስደውልላት፣ «ምንም አይደል እትዬ ቢልቂስ» አለችኝ። በሰደበችኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ኢልሃም ቤት ሄድኩ። ሰኪና ነበረች፣ ወለላም የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ መጣች። እኔም እነሱ ፊት፣ «ሰዓቱን እኔው ጋ ተይው ብዬሽ ነበር! ወጥ ቤት፣ ወጥ ቤት ስትዪ ይኸው አሳረርሽው!» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፣ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ኢልሃም ላፕቶፑን ከፍታ ማን ምን እንደለወጠ የሚጻፍበትን ገጽ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው። «አየዋለሁ፣ አክስቴ» አለች፣ በቃ። ጥፋቷን ስላወቀች ነው አልኩ። የወጣት ነገር፣ ይቅርታ ማለት ይከብዳቸዋል።

ሰኪና ስንወጣ፣ «አንቺ ግን ስትቆጪ ሚኒስትር ነው የምትመስዪው» አለችኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ግን ደረጃውን ሳልጨርስ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

አውቶቡስ ላይ። ያንን ገጽ ከፈትኩት።

በር። አንዲት መስመር። ስድስት ሰዓት መጨመሪያ። ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ቢልቂስ።

ወጥ ቤቷ ስድስት ትጨምራለች፣ በሩም ስድስት ይጨምራል። ማታ 3 ያልኩት ማታ 9 ሆኖ ይገባል፣ እንደገና ስድስት ሲደረብበት በነሱ አቆጣጠር ሌሊት 3 ይሆናል። በኛ ሌሊቱ 9። አንድ ወጥ ሁለት ሰው ጨው ጨመረበት።

መስመሯን አጠፋኋት። ያላንዳች ቃል። የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሳሊም ደወለ። «ሰዓት ተሳስቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ከማን ነው?» አለኝ። «እያጣራን ነው» አልኩት። እያጣራን! ቪዛው እኮ ነው። አንድ ወር ከምናምን ቀረኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29፣ ዒድ

ሶላት ሰግደን መጣን፣ አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። ኢልሃም ሽቶ ገዝታልኝ መጣች። ለኔ! ጓደኞቻችን መጥተው ሩዙን ከበን ስንበላ አንዷ፣ «ያቺ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ልጅ ናት አሉ ሰዓቱን ያበላሸችው» አለች። ኢልሃም አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ሴትዮዋ አታውቃትም። ኢልሃም ሩዙን አየች። እኔም ሩዙን አየሁ።

ጎረስኩ። እንዴት እንደዋጥኩት አላህ ያውቃል።

አል ባርሻ ወጥ ቤት ሳለሁ አንዲት የቃሉ አገር ልጅ ታግዝሽ ብለው አምጥተው ነበር። ያጠበችውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጥብ ነበር። የከደነችውን እከፍታለሁ፣ የከፈተችውን እከድናለሁ። ማዳም አይታ አይታ፣ «አንቺ ሁሉን ከሠራሽ እሷ ምን ታደርግልኛለች?» ብላ ልጅቷን ወደ ኤጀንሲው መለሰቻት። እስከ ዛሬ ሰነፍ ነበረች እያልኩ ነው የማወራው። ሰነፍ አልነበረችም። ሳህኖቹ ንጹሕ ነበሩ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ነገርኳት። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት።

«አውቄያለሁ አክስቴ» አለች።

«ከመቼ?»

«ከዚያን ቀን እሑድ።»

«ታዲያ ለምን አፍሽን ያዝሽ? እንደዚያ ስጮህብሽ!»

«ወለላ ፊት ላዋርድሽ?»

ቁጭ አልኩ። ውሃ አመጣችልኝ። እንደምንም እየከበዳት፣ «አክስቴ፣ የመሳሳትሽ ነገር አይደለም የከፋኝ። እኔም ስንቴ ተሳስቻለሁ። አታምኚኝም። የሠራሁትን ሁሉ እንደገና ታጥቢዋለሽ» አለች። ስለ ሳህኖቹ ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ማታ አጅማን ስመለስ ለሰኪና፣ የ‹ኪሎ አለኝ› ሰዎች ባሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ እውነቱን ልናገር ነው አልኳት። ከአልጋዋ ተነሳች። «አብደሻል? ሳሊም ግሩፑ ውስጥ አለ! አማርኛ ባይሰማ የሚያስተረጉምለት አያጣም። ቪዛሽን በአፍሽ ልታቃጥዪ ነው? ልጅቷ እንደሆነች ዝም ብላልሻለች!»

«እሱ ነው የገደለኝ» አልኳት።

ድምፄን ቀድቼ ላክሁት። መቶ አርባ ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። «ወለላን ሌሊት ያስቆምኳት እኔ ነኝ፣ ቢልቂስ። ሳይነግሩ መንካት የለም ብዬ ፈርሜ ነካሁ። ኢልሃም የሠራችው ልክ ነበር።» አሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ። አራቴ ነው የቀዳሁት፣ ሦስቱ ላይ ምክንያት እየደረደርኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ሳሊም ደወለ። «አንቺ ነሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «እናስብበታለን» ብሎ ዘጋው። ሁለት ቤት አጸዳሁ፣ የትኞቹን እንደሆነ አላስታውስም። ሰኪና አላናገረችኝም፣ ግን ሩዝ አስቀርታልኛለች።

እሑድ፣ ሰኔ 8

አንዲት ነርስ ባሕር ዳር ልትሄድ ተመዘገበች። ፕሮግራሙ ራሱ ከወለላ ጋር አገናኛቸው፣ ሰዓቱን ራሱ ነገራቸው። እኔ አልደወልኩም። ነርሷ ጋም ወለላ ጋም አልደወልኩም። አንዴ ብቻ ቁጥሩን አውጥቼ ነበር። ስልኩን ለሰኪና ሰጠኋትና ያዢልኝ አልኳት። «እንደ ሱሰኛ ሆንሽ እኮ» አለችኝ። ልብስ አጠብኩ፣ የታጠበውንም አጠብኩ።

ወለላ፣ «ሰጠኋት» ብላ ጻፈች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ፎቶ ደረሰ። ልጅቱ መነጽሩን አድርጋ፣ መጽሐፍ ይዛ። ትንሽ ተለቅ ብሎባታል፣ በላስቲክ አስረውላታል። አለቀስኩ። የማጸዳው ቤት ባለቤት ምን ሆንሽ ስትል ሽንኩርት አልኳት፣ ሽንኩርት የለም እኮ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ሳሊም ፈተነን፣ ሁለታችንንም፣ ሻርጃ ቢሮው ውስጥ። ስለ ቪዛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «አንድ ተጓዥ ከአሥር ኪሎ በላይ የሰው ዕቃ አይያዝ የሚል ደንብ አስገቡልኝ፣ አሁን፣ እዚሁ» አለ። እጄ ወደ ላፕቶፑ ሄደ። በግድ ጉልበቴ ላይ መለስኩት። የወጥ ቤት ሥራ ነው፣ የኢልሃም ነው። እሷ አንድ መስመር ጻፈች፣ ቴስቷን ጻፈች፣ አረንጓዴ ሆነ። በሩን እኔ አልነካሁም፣ ጓዳዬም አልተነካም።

«በድሮው ስንት ቦታ መቀየር ነበረባችሁ?» አለ ሳሊም።

«አሥራ አንድ» አልኩት። «ምናልባት አሥራ ሁለት። እኔም አላውቀውም ነበር።»

አሁንም፣ «እናሳውቃችኋለን።» ይሄ ሰው ከኢልሃም ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ምንም የለም። የጽዳት ድርጅቱ ፓስፖርትሽን መጥተሽ ውሰጂ ብሏል። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ መልሼ አስገባሁት።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ውሉን ፈረምኩ! ዛሬ፣ በቀኝ እጄ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ!

ሳሊም ወረቀቱን ሲያዞርልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሥራ መደቡን ነው። «ረዳት ፕሮግራመር» ይላል። «የማን ረዳት?» አልኩት። በእርሳሱ ወደ ላይኛው መስመር አመለከተ። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ሥራውን የምትመራው፣ ኢልሃም። እሷ ሳታይ አንድም መስመር ሥራ ላይ አይውልም ይላል፣ በግልጽ ተጽፏል። «ጥፋቷን በመቶ አርባ ሰው ፊት የተናገረች ሴት አገኘሁ፣ ያቺን እፈልጋለሁ። ብቻዋን ግን አልተዋትም» አለኝ ሳሊም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ቢነግረኝ ምን ነበረበት!

ያጠብኳት፣ ያዘልኳት ልጅ አለቃዬ ሆነች። ትንሽ ቆጨኝ፣ እንዴት አልዋሽም። አሳንሰሩ ውስጥ፣ «እንግዲህ አለቃ፣ ነገ በስንት ሰዓት ልግባ?» አልኳት። «አክስቴ ተይኝ» ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ስትስቅ እንኳ ድምፅ የላትም።

ሰኪና ሰምታ፣ «የረዳት ደስታ እንዲህ ከሆነ ዋና ብትሆኚ ሕንፃው ይፈርስ ነበር» አለች። ከዚያ አቀፈችኝ።

ለግሩፑ የምልከውን እዚሁ ጽፌ ልሞክረው። መጀመሪያ ለኢልሃም አሳያታለሁ፦

«እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ቪዛዬ ሊወጣ ነው! የዕረፍት ቀን ያላችሁ ኑ፣ የሌላችሁ ማዳምን ለምናችሁ ኑ። ወለላ እንግዳዬ ናት፣ ከኔ ቀኝ ትቀመጣለች። ምግቡን ሰኪናና ጓደኞቿ ተከፋፍለውታል፣ እኔ ድስት አልነካም፣ አትጠይቁኝ። አል ማምዛር ፓርክ፣ ባሕሩ ዳር፣ እሑድ ሐምሌ 6፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር። አንድ ሰው እንዳይቀር።»